ቀብድ የተቀበለ እጅ

በግሉ ሠርቶ የሚያድር ሰው፣ ግንበኛ ይሁን አናጢ፣ ባለመኪና ይሁን አስተርጓሚ፣ ደመወዝተኛው የማያውቀው አንድ ጭንቀት አለው። ደመወዝተኛ አሠሪውን የሚመርጠው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በኮንትራት የሚያድረው ግን በየወሩ፣ አንዳንዴም በየሳምንቱ ይመርጣል። ሥራ በጠፋ ጊዜ ደጁን የሚያንኳኳ አይገኝም፤ በመጣ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሦስቱ በአንድ ቀን ይደራረባሉ። ያን ጊዜ ምርጫው የገንዘብ ብቻ ይመስላል፤ ብዙ የሚከፍለውን መያዝ፣ ጥቂት የሚከፍለውን መተው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ የሒሳብ እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ ባልሆነ ነበር።

ሞያሌ ይህን ጭንቀት ከብዙ ከተሞች በላይ ታውቀዋለች። አንዲት ከተማ ሆና በሁለት አገር የተከፈለች፣ በአንደኛው ወገን ብር በሌላው ሽልንግ የሚቆጠርባት፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛና ስዋሂሊ በአንድ ገበያ የሚሰማባት ናት። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት በጭነት መኪና ናይሮቢ ለመድረስ ቀናት ይፈጅ ነበር። መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየክፍሉ ሲሠራ ከረመ። እ.ኤ.አ. በ2013 የማርሳቢት ካውንቲ አስተዳደር ሲቋቋም ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለውሃ የሚወጣው ጨረታ ወደ አካባቢው ቀረበ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሁለቱን አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ መረቁ። መንገድ ባለበት መጋዘን ይሠራል፤ ካውንቲ ባለበት ክፍል ይጨመራል፤ ኬላ ባለበት ሆቴል ይከፈታል። ይህ ሁሉ እጅ ይፈልጋል፤ ባለሙያ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ከፈላጊው ያንሳል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሰዎቹ ምናባዊ ናቸው፤ ነገሩ ግን በአካባቢው ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያዋ ሞያሌ የሚኖር አንድ ግንበኛ አለ፤ በኬንያው በኩል ፉንዲ ይሉታል። ከሞያሌ በስተ ምዕራብ ካለችው ከኡራን ሦስት ሽማግሌዎች ለገበያ መጥተው ያገኙትና የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም የድንጋይ ገንዳ ከመሬት በታች እንዲገነባላቸው ይዋዋሉታል። ዋጋው 120 ሺህ የኬንያ ሽልንግ፣ ቀብዱ 20 ሺህ ነው። ሥራው በየካቲት ተጀምሮ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ ቦረናዎች ጋና የሚሉት ይህ ዝናብ በመጋቢት ገብቶ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ግንበኛው ቀብዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እንጠብቅሃለን ልጄ» አሉት። «እመጣለሁ አባቶቼ» አላቸው። ሳምንት ሳይሞላ በከተማው ሆቴል የሚያሠራ ባለገንዘብ አስጠራው። ለዚያው ለየካቲት ወር፣ ለዚያው ለድንጋይ ሥራ 200 ሺህ ሽልንግ አቀረበለት። «ነገ ካልጀመርክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» የሚል ማሰሪያም ጨመረበት። ግንበኛው ሁለት ልጆቹን የሚያስተምር፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ሕግ ምን ይላል? የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር የተዘጋጀ መልስ አለው። በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። ድንጋጌው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በአገራቸውም እ.ኤ.አ. የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ በአንቀጽ 1590 ይህንኑ ይላል። ሥሩም እስከ ሮማውያን ይወርዳል።

እንግዲህ ግንበኛው ሒሳቡን ቢሠራ እንዲህ ያገኛል። እጥፍ ቀብድ 40 ሺህ ይመልሳል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሺህ የተሰጠው ስለሆነ ከኪሱ የሚወጣው 20 ሺህ ብቻ ነው። ከሆቴሉ 200 ሺህ ይቀበላል። ቀሪው 180 ሺህ ነው፤ ኡራን ከሚያስገኝለት በ60 ሺህ ይበልጣል። የሕጉን ዋጋ ከፍሎ፣ ማንንም ሳይሰርቅና ማንንም ሳይክድ፣ አትርፎ ወጣ። ፍርድ ቤት አያገኘውም፤ ቢያገኘውም ነጻ ያወጣዋል። ታዲያ ሽማግሌዎቹ የሚያዝኑበት ምን ቀረ?

አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ ቢጠየቅ ምንም አልቀረም ባለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 «የሕግ መንገድ» በሚል ርእስ ባደረገው ንግግር ውል የመጠበቅ ግዴታ ማለት ባትጠብቀው ካሣ ትከፍላለህ የሚል ትንበያ ነው፣ ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም ሲል ተከራክሯል። በዚህ ዓይን ሲታይ ውል የገባ ሰው ሁለት መንገድ ገዝቷል፤ ወይ መሥራት ወይ መክፈል። የትኛውንም ቢመርጥ ውሉን ፈጸመ እንጂ አላፈረሰም። የሆልምስን ሐሳብ የዘመናችን የምጣኔ ሀብት ሰዎች ወደውታል፤ ካሣው ተከፍሎ ትርፍ ከተረፈ ዓለም በጠቅላላው በለጸገ እንጂ ምን ተጎዳ ይላሉ።

ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ለትላልቅ ኩባንያዎችም ይመች ይሆናል። ስንዴ ያላቀረበ ነጋዴ ካሣ ከከፈለ ገዢው በዚያው ገንዘብ ከሌላ ቦታ ስንዴ ይገዛል፤ ስንዴ ስንዴ ነው። የኡራን ዝናብ ግን ከሌላ ቦታ አይገዛም። ሽማግሌዎቹ 40 ሺህ ሽልንግ ይዘው በየካቲት መጨረሻ ወደ ሞያሌ ቢመለሱ ሌላ ግንበኛ ፈልገው፣ ተዋውለው፣ ድንጋይ አስፈልጠው ገንዳው ሳይዘጋ ጋና ይገባል። ውሃው በተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በሰሜን ኬንያ የደረሰውን ያየ ሰው አንድ ዝናብ ማምለጥ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ከብት በየመንገዱ ወድቆ፣ ባለከብት የነበረው ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ለዚህ ምን ያህል እጥፍ ቀብድ ይበቃል? ሕጉ እጥፍ ሲል ጥፋቱን መዝኖ አይደለም። በየገበያው የሚያከራክር ጉዳይ እንዳይበዛ አንድ ቁጥር ቆርጦ አስቀመጠ እንጂ። የተቆረጠ ዋጋ ክርክር ይዘጋል፤ በደልን ግን መጠኑን እንኳ አይነግርም።

በደሉ ያለው ሽማግሌዎቹ በግንበኛው ቃል ምክንያት በተዉት ነገር ላይ ነው። ግንበኛው «እመጣለሁ» ባለ ጊዜ እነርሱ ሌላ ግንበኛ መፈለግ አቆሙ። ድንጋይ አስፈለጡ፣ ሲሚንቶ ገዙ፣ ለዚሁ ብለውም ወይፈን ሸጡ። በዚያች አንዲት ቃል ላይ የወር ሥራቸውን አሳደሩበት። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ስካንሎን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ተስፋ ቃል የተናገረውም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የቃል ግዴታ ሌላው ሰው እርግጠኛ ሆኖ እንዲቀመጥ ካደረግነው የሚመነጭ ነው ይላል። የቦረና ባለከብት ይህን ከመጽሐፍ አይማረውም። በጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ላይ ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ያንተ ተራ ነገ ነው ሲል ባለከብቱ ከብቱን ነድቶ የሚመጣው ነገ ነው። ነገ ደርሶ ተራው ለሌላ ቢሰጥ፣ ገንዘብ ቢመለስለት፣ የተጠማው ከብት ገንዘብ አይጠጣም።

አማርኛም ከሕጉ መጽሐፍ ቀድሞ አንድ ነገር ያወቀ ይመስላል። ውል የሚለው ቃል የተዋዋዮች ስምምነት ብቻ አይደለም፤ ፈታይዋ ከልቃቂቱ ላይ የምትፈልገው የክሩ ጫፍም ውል ነው። ውሉ የተገኘ ልቃቂት ይተረተራል፤ ውሉ የጠፋ ይወሳሰባል። ቃሉን ያፈረሰ ሰው አንዲት ክር በጠሰ ማለት ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ልቃቂት ሁሉ ውል አሳጣው። በድሮው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ፣ ከሳሽና ተከሳሽም የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ የሚለው ቃል ከዚያ ቀርቷል። ሰንሰለቱ ቀርቶ ቃሉ መኖሩ መልካም ሆኗል፤ ሆኖም በሁለት አገር መካከል በተቀመጠች ከተማ ሰንሰለቱን የሚተካ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ግንበኛው የኢትዮጵያ፣ አሠሪዎቹ የኬንያ ሰዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ፍርድ ቤት ደጅ ለመርገጥ የሚያወጣው ወጪ ከክርክሩ ገንዘብ ይበልጣል። እዚህ ሆልምስ የተመካበት ካሣ አስከፋይ ዳኛ ሩቅ ነው። ዳኛ ሩቅ በሆነበት አገር ቃል ከሌላው ቦታ ይልቅ መክበድ ይገባዋል፤ ከእርሱ ሌላ የሚያዝ ነገር የለምና። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለው ተረትም ለእንዲህ ያለው ስፍራ የተነገረ ይመስላል።

እስካሁን የተባለው ቃል ከተሰጠ በኋላ ያለውን ነው። ቃል ሳይሰጥ በፊት ያለው ሰዓት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ሰዓቶች ያደባልቃቸዋል። ሽማግሌዎቹ ዋጋ ጠይቀውት ግንበኛው «ልሰብበትና ነገ ልንገራችሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ የሆቴሉን ሥራ መያዙ ነውር አልነበረም። ላልተቀበሉት ጥያቄ ባሪያ የሚሆን የለም። አንዱ ያቀረበውን ዋጋ ለሌላው ገልጾ መደራደርም ነውር አይደለም፤ የእጁን ሥራ የሚሸጥ ሰው የገበያውን ዋጋ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። ነውሩ ያልቀረበን ዋጋ ቀረበልኝ ማለት ነው። ከዚያም የሚከፋው «እሺ» የሚለውን ቃል እንደ መያዣ ለሁሉም በትኖ ኋላ ከፍ ያለውን መልቀም ነው። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ብልጠት ይለዋል። ሦስት ቦታ እሺ ያለ ሰው ግን አንድም ቦታ እሺ አላለም፤ ሦስቱም ቤት ተኝተው የሚጠብቁትን እያሰበ እርሱ ብቻውን ነቅቶ ይነግዳል።

በዚያች የነጻነት ሰዓት ሊመዘን የሚገባውም ከተጻፈው ቁጥር ሌላ ብዙ ነገር አለ። ወረቀት ላይ የተጻፈ 200 ሺህ ኪስ የገባ 120 ሺህ አይደለም። የኬንያ ካውንቲዎች ለተቋራጮች ሳይከፍሉ የሚያሳድሩት ውዝፍ ሒሳብ በአገሪቱ የበጀት ተቆጣጣሪ ሪፖርት ውስጥ በየጊዜው የሚነሳ ነገር ነው፤ የካውንቲ ሥራ በትልቅ ዋጋ ይዞ ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ይህን ያውቀዋል። የገንዘቡም ዓይነት ይታያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። በሰኔ በብር ተዋውሎ በጥቅምት የተከፈለ ሰው፣ ቁጥሩ ሳይጎድልበት፣ ድንበር ተሻግሮ ሲገዛ ጎድሎበት አገኘው። ሞያሌ ላይ በምን ገንዘብ እንከፈላለን የሚለው ጥያቄ ስንት እንከፈላለን ከሚለው አያንስም።

ከሁሉ የሚከብደው ሚዛን ግን የዘመድ ጥያቄ ነው። ባዕድ 200 ሲያቀርብ አጎት 100 ያቀርባል፤ ደግሞ «አሳድጌህ የለ?» ይላል። ቋንቋው እዚህም ሁለት የተጠጋጉ ቃላት አሉት፤ ውልና ውለታ። ውል ሲፈጸም ያልቃል፤ ግንቡ ቆመ፣ ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ሰዎቹ ተሰነባበቱ። ውለታ ግን ተከፍሎ የሚያልቅበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዘመድ በውለታ ስም በግማሽ ዋጋ ሲያሠራ፣ ሠራተኛው ዕዳ የከፈለ ይመስለዋል፤ ዘመዱ ግን አዲስ ዕዳ ያበደረ ይመስለዋል፤ ሁለቱም ይቀያየማሉ። ከዚህ ይልቅ ለዘመድ በነጻ መሥራት ወይም እንደ ባዕድ ተዋውሎ መሥራት ይሻላል። መካከለኛው መንገድ፣ ብዙዎች የሚሄዱበት፣ ቤተሰብ የሚያፈርሰው መንገድ ነው። «አጎቴ፣ ቅዳሜና እሑድ መጥቼ በነጻ እገነባልዎታለሁ፤ የሳምንቱን ቀን ግን ለሚከፍለኝ ልስጥ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ አጎት መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ቅሬታው ግን በግማሽ ዋጋ ተሠርቶ ግማሽ ሆኖ ከቀረ ግንብ ያነሰ ዕድሜ አለው።

ወደ ሆቴሉ ባለገንዘብ መመለስ ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለው ጉዳይ ሁሉም ጣቱን ወደ ግንበኛው ሲቀስር ይህ ሰው ሳይታይ ያልፋልና። ግንበኛው ቀብድ መቀበሉን ነግሮት ከነበረና ያም ሆኖ ዋጋ ከጨመረ፣ የሰው ቃል በገንዘብ ገዛ። በእስልምና ወንድም በገዛው ላይ መግዛት፣ በሸጠው ላይ መሸጥ የተከለከለ መሆኑን በሞያሌ መስጊዶች የሚሰግድ ሁሉ ያውቃል። ክልከላው ለሸማቹ ብቻ ሳይሆን መካከል ለገባው ለሦስተኛው ሰው የተነገረ ነው። በክርስቲያኑም ወገን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይን አትክልት ምሳሌ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቸርነት ነው፤ ባለአትክልቱ ለቀደሙት የመለሰው መልስ ግን በተስማማችሁበት ዋጋ ተከፈላችሁ የሚል ነው። ያጉረመረሙት ሌላው የተቀበለውን እስኪያዩ ድረስ በውላቸው ቅር ያላቸው አልነበሩም።

ሦስተኛውን ሰው በፍርድ ቤት ያቆመ አንድ የታወቀ ክርክር አለ፤ ለሞያሌም ባዕድ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በሚሠራው የውል ሕግ የእንግሊዝን የውል ሕግ ተቀብላ እስከ ዛሬ ትሠራበታለች፤ ስለዚህ በለንደን የተፈረደ አሮጌ ፍርድ በኬንያ ችሎት ሊጠቀስ ይችላል። ጉዳዩ የአንዲት ዘፋኝ ነው። የታዋቂው ሙዚቀኛ የሪቻርድ ዋግነር የወንድም ልጅ የሆነችው ዮሐና ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1851 መጨረሻ ከለንደኑ የቲያትር ባለቤት ከቤንጃሚን ላምሊ ጋር ተዋዋለች። በ1852 ለሦስት ወር፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ በሳምንት 100 ፓውንድ ልትዘፍንለት፤ በዚያም ጊዜ ለሌላ ላትዘፍን። የኮቨንት ጋርደን ቲያትር አስተዳዳሪ ፍሬዴሪክ ጋይ ሰማና የበለጠ ዋጋ አቀረበላት። እርስዋና አባትዋ ወደ ጋይ ዞሩ። በላምሊ በኩል ቅድሚያ ክፍያው በጊዜው አልደረሰም የሚል መከራከሪያም ተነሣ። ቀብድ በየዘመኑ የክርክር በር ነው።

ፍርድ ቤቱ ያደረገው ነገር ትኩረት ይስባል። ሂጂና ለላምሊ ዝፈኚ ብሎ አላዘዛትም፤ ሰው በግድ አይዘፍንም፣ ቢዘፍንም ለሰሚ አይሆንም። ለሌላ እንዳትዘፍኚ ብሎ ግን ከለከላት። ላምሊ በዚህ ሳያበቃ ጋይን ራሱን ከሰሰው፤ ዳኞቹም እ.ኤ.አ. በ1853 የሌላን ሰው ውል እያወቀ ያስፈረሰ ሰው ሊጠየቅ ይችላል የሚል መርሕ አቆሙ። ሆኖም በማግስቱ ዓመት ጉዳዩ በሸንጎ ሲሰማ ጋይ ረታ፤ ውሉ እንደማያስር በቅን ልቡና አምኖ ነበር ተባለ። መርሑ ቀረ፣ ገንዘቡ ግን አልመጣም።

የኡራኑን ግንበኛ ሥራህን ትተህ እዚህ ገንባ ብሎ የሚያስገድድ ዳኛ እንደማይኖር ከዚህ ይታያል፤ ሊኖርም አይገባም። ተገድዶ የገነባው ገንዳ ያፈሳል። ነገሩ ለራሱ ለግንበኛው የተተወ ነው፤ ጥያቄው የሥነ ምግባር የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁንና ለግንበኛው ብቻ ጨክኖ መፍረድ ሚዛን ማጓደል ነው። ባለገንዘብ ውል ሲያፈርስ የሚከፍለው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ስልክ አለማንሣት ብቻ ነው። ግንበኛው ለአንድ ሥራ ሲል ሌላውን መልሶ፣ ዕቃውን ጭኖ ቦታው ሲደርስ ሥራው ቀረ ወይም ርካሽ ሰው ተገኘ ይባላል። ቀብድ ስላልተሰጠው የሚለቀቅለት የለም፤ ስለ ዋለበት ቀን የሚጠይቅም የለም። ታማኝነት ከድሃው ብቻ ሲጠየቅ ታማኝነት መባሉ ቀርቶ ሌላ ዓይነት ቀንበር ይሆናል። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም፤ በአንቀጽ 1710 የአንዱን ችግር፣ የዋህነት ወይም ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ከርትዕ የራቀ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ልጁ ታሞ ሆስፒታል ላስተኛ ግንበኛ ከዋጋው ሲሶ ሰጥቶ «ውሰድ ወይም ተወው» ያለ አሠሪ በኋላ ስለ ቃል ክብር ቢሰብክ የሚሰማው ባያገኝ አይገርምም።

የኡራን ሽማግሌዎች ግን እንዲህ አላደረጉም። ዋጋው ትክክለኛ ነበር፤ ግንበኛውም ሳይጨነቅ ተቀበለው። የሆቴሉ ዋጋ ከፍ ማለቱ የፊተኛውን ዋጋ በደል አያደርገውም። ስለዚህ 60 ሺሁ ሽልንግ፣ ለልጆቹ የቱንም ያህል ቢያስፈልግ፣ የእርሱ ገንዘብ ነበር ማለት አይቻልም፤ ቀብዱን በተቀበለበት ሰዓት የካቲትን ሸጦታል። ማድረግ የሚችለው ሌላ ነው። ባለሀብቱ አንድ ወር እንዲጠብቀው ይጠይቃል፤ «ጋሼ፣ የሰው ቀብድ በልቻለሁ፤ ዝናቡ ሳይገባ ጨርሼ ልምጣልዎ» ማለት ዋጋውን የሚያስጨምር እንጂ የሚያሳንስ ንግግር አይደለም፤ ለሌላው የሚጠነቀቅ ለእኔም ይጠነቀቃል የሚል አሠሪ ብርቅ አይደለምና። ባለሀብቱ አልጠብቅም ካለ፣ ግንበኛው በሙያው ከእርሱ የማያንስ ባልንጀራውን ለሆቴሉ ይጠቁማል፤ ዛሬ የጠቆመው ነገ ይጠቁመዋል። ግድ ሆኖበት፣ ሕመም ወይም ሞት ገጥሞት ኡራንን የሚተው ከሆነ ደግሞ እጥፍ ቀብድ በሰው እጅ መላክ አይበቃም። ራሱ ሄዶ፣ ገና ጊዜ ሳለ፣ ተተኪ ግንበኛ ይዞ መቅረብ አለበት። ሽማግሌዎቹ ተተኪውን አይተው እሺ ካሉ ያፈረሰው ነገር የለም። አልፈልግም ካሉ ደግሞ ሰነባብቶ መመለስ አይችልም፤ ገንዳው እስኪዘጋ ሥራው የእርሱ ነው። እጥፍ ቀብዱ ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር የሚመጣ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ብዙዎች ግን መጀመሪያ ያደርጉታል፣ ገንዘብ መላክ ፊት ከማሳየት ይቀላልና።

ያን ዓመት በለንደን ማንም አላተረፈም። ዮሐና ዋግነር በ1852ቱ ወቅት ለላምሊም ለጋይም ሳትዘፍን ቀረች። የላምሊ ቲያትር በዚያው ዓመት ተዘግቶ አራት ዓመት ያህል ሳይከፈት ቆየ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1856 የጋይ ኮቨንት ጋርደን በእሳት ጋየ፤ ላምሊም ዕድል አግኝቶ ቤቱን እንደገና ከፈተ። በዚያው ዓመት በጋ ዮሐና ዋግነር ወደ ለንደን መጣችና በላምሊ መድረክ ላይ ዘፈነች።